«በስልክ አይወራም»፦ የኢንተርኔት ክትትልና የግል ሕይወት በኢትዮጵያ

«ተወው፣ ይሄ በስልክ አይወራም።» ይህን ያልሰማ ወይም ራሱ ያላለ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ፍርሃቱ እንዲሁ የመጣ እንዳልነበረ ማስረጃው ቀስ በቀስ ወጥቷል።

በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤም፣ ስልክም፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም እንዳይደፈር ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብር አዋጅ እንኳ ለጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ታሳሪዎች በምርመራ ላይ እያሉ የገዛ የስልክ ንግግራቸው ተከፍቶላቸዋል። ያኔ የነበረው ቴሌ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመንግሥት። ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

ውጭ አገር ያለውን ሰው ግን በቴሌ መስመር መከታተል አይቻልም። ስለዚህ ስለላው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሲቲዝን ላብ መጋቢት 2005 ላይ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር ከኢትዮጵያ ጋር አያይዞ ይፋ አደረገ። ማጥመጃው የግንቦት 7 የተባለው ተቃዋሚ ቡድን ሰዎች ፎቶ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ከውጭ አገር ይሰራጭ የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ድርጅት ሶፍትዌር ዒላማ እንደተደረጉ ታወቀ። ይህ ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ራሱ ተጠልፎ ሰነዶቹ ሲበተኑ፣ ከኢንሳ (የመንግሥቱ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ጋር የተጻጻፋቸው ኢሜይሎችም አብረው ወጡ።

ከሁሉም የሚያመኝ እውነተኛ ስሙ እንዳይታወቅ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» የተባለው ሰው ጉዳይ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ ነው። በኢሜይል የደረሰውን አንድ የወርድ ፋይል ከፈተ፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ተኩል ገደማ የስካይፕ ንግግሩ ተቀዳ። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሁሉ ሳይቀር ተመዘገበ። የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። መጋቢት 2009 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በሚል። ሰውየው ሳሎኑ ተቀምጦ ተሰለለ፣ የሚዳኘው ግን አጣ።

ይህ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኅዳር 2010 ላይ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ተረኛ ሆኖ ተገኘ። ማጥመጃው የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ነበር የሚመጣው። ከዒላማዎቹ መካከል የወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ይገኙበታል።

ዛሬ አዲስ ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። መረጃችንን የሚይዝ ሁሉ ለምን እንደሚይዘው እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ተቆጣጣሪው ግን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ማለትም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ራሱን የቻለ ነጻ ተቋም ቢሆን ኖሮ የበለጠ በተማመንንበት ነበር።