ለአንድ ነርስ ስንት ታካሚ? የካሊፎርኒያ ሕግ

በካሊፎርኒያ አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ ስንት ታካሚ እንደምትይዝ ለሆስፒታሉ ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። ሕግ አለው። የነርሶች ማኅበር ለዓመታት ታግሎ በ1999 ሕጉን አስወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር)።

ቁጥሩ እንደ ክፍሉ ይለያያል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከ2 ታካሚ አይበልጥም፤ በድንገተኛና በሕፃናት ክፍል ከ4። በተለመደው የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ዋርድ መጀመሪያ 6 ነበር፣ በ2005 ወደ 5 ወረደ። የወቅቱ የግዛቷ ገዥ አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ይህን ለማዘግየት ሲሞክሩ ነርሶቹ ፍርድ ቤት ከሰሱና ረቱ። ቁጥሩ በምሳ ሰዓትም አይላላም። ነርሷ ለምሳ ስትወጣ ታካሚዎቿን በጓደኛዋ ላይ መደረብ አይቻልም፣ ተተኪ መመደብ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የደንቡ ሌላው ግማሽ ነው። 5 ማለት «ከዚህ አይለፍ» እንጂ «5 ይሙላ» አይደለም። ሆስፒታሉ የታካሚዎቹን ሁኔታ በየፈረቃው መዝኖ፣ ካስፈለገ ነርስ መጨመር አለበት።

አምስት አልጋ የያዘች ነርስ እንውሰድ። አንዱ ታካሚ እየተራመደ ነው፣ ነገ ይወጣል። ሌላው ደም እየተሰጠው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቡ መራቅ የለባትም። ብርድ ብርድ ካለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ደሙን ወዲያው ማቆም አለባት። በዚያው ሰዓት አንድ አዛውንት ግራ ገብቷቸው ከአልጋ ለመውረድ ይታገላሉ። እኛ አገር ቢሆን አስታማሚ ዘመድ ይይዛቸው ነበር። እዚያ ግን የሚጠበቀው ከነርሷና ከረዳቷ ነው። በቆጠራ ሦስቱም እኩል ናቸው፣ በሥራ ግን በፍጹም።

ነገሩ የነርሶች ድካም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2002 የነርስነት ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቻቸው በፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ባደረጉት ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የወጣው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ።

እንደኔ፣ ትልቁ ፈተና ምዘናው ላይ ነው። አልጋ መቁጠር ቀላል ነው፤ ማንም ይቆጥረዋል፣ ማንም ይከስበታል። የታካሚን ሁኔታ ክብደት ግን ፎርም ላይ በነጥብ የምትሞላው ነርሷ ስትሆን፣ ተጨማሪ ሰው ይጠራ አይጠራ የሚለውን የሚወስነው አለቃዋ ነው። ነጥቡ ከፍ ብሎ ሰው ካልመጣ፣ ያ ፎርም ወረቀት ብቻ ነው።