የሞተር ሳይክል መሪን ከፍ ማድረግና ካቦ ማስተካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውል ሰው፣ ዕቃ የሚያደርስም ይሁን ከከተማ ከተማ የሚጓዝ፣ ትከሻው ሲጨመደድና መዳፉ ሲደነዝዝ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ መሪውን ከፍ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ራይዘር የሚባለው ቁራጭ ሲሆን፣ ከመሪው ማሰሪያ ሥር ገብቶ መሪውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ተሠርቶ የተዘጋጀውን የሚገዛ አለ፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ የሚያስቀርጽም አለ። መሪው ከፍ ሲል ደግሞ ካቦዎቹ፣ ማለትም የነዳጅ መስጫውንና የፍሪሲዮኑን እጀታ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ሽቦዎች፣ አብረው መታየት አለባቸው። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገርበታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ከእነዚህ ስሕተቶች አንዳንዶቹ ምቾት ከማሳጣት አልፈው አሽከርካሪውን መንገድ ላይ የሚጥሉ መሆናቸው ነው።

«እጅ ከደነዘዘ መሪው ዝቅ ብሏል ማለት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ጣት ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ መንስኤው በትንሿ ጣት በኩል በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ መጫኑ ነው። ይህም የሰውነት ክብደት በመዳፍ ላይ ሲያርፍ ወይም አንጓው ለረጅም ሰዓት ተቆልምሞ ሲቆይ ይመጣል። አንጓውን የሚቆለምመው ደግሞ የመሪው ከፍታ ሳይሆን የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። እንደ ወትሮዎ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ጣቶችዎን በእጀታዎቹ ላይ ሲዘረጉ ክንድዎ፣ አንጓዎና ጣቶችዎ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። እጀታዎቹ ወደ ላይ ቀና ካሉ ብሎናቸውን ላላ አድርጎ ጥቂት ወደ ታች ማዞርና መልሶ ማጥበቅ ምንም ወጪ የለውም። ይህንን አድርገው ጥቂት ቀናት ሳይነዱ ራይዘር እንዲገዙ አልመክርም።

«ራይዘር መሪውን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያነሳው»

የፊት ሹካው ወደ አሽከርካሪው ያዘነበለ በመሆኑ፣ ቀጥ ተደርጎ የተሠራ ራይዘርም መሪውን የሚያነሳው ያንኑ ዝንባሌ ተከትሎ ነው። ለምሳሌ ዝንባሌው 26 ዲግሪ በሆነ ሞተር ላይ የተገጠመ የ30 ሚሊ ሜትር ራይዘር መሪውን 27 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ኋላ ያመጣዋል። እጁ ለማይደርስለት ሰው ይህ እፎይታ ነው፤ ክንዱ ረጅም ለሆነ ሰው ግን ክርኑን አጥፎ እንዲነዳ ያስገድደዋል። መሪው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ መቀመጫ ይሄዳል፣ ነፋሱም ደረትን ይገፋል፤ ስለዚህ የእጁ ድካም ወደ ወገብ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

«ካቦው ከደረሰ ይበቃል»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፍተሻው ብዙ ጊዜ የሚደረገው መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። የማውቀው አንድ አሽከርካሪ 40 ሚሊ ሜትር ራይዘር አስገጥሞ በዋናው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ነዳ። ማታ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ለመመለስ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲጠመዝዝ ግን ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ጮኾ ወደ አጥሩ ተወነጨፈ፤ ያተረፈው ፍሪሲዮኑን በፍጥነት መጨበጡ ነበር።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ካቦ በሽፋን ውስጥ የሚሄድ የብረት ሽቦ ነው። መሪው ከፍ ሲል ያው ካቦ የበለጠ ርቀት መሸፈን ይጠበቅበታል፤ መሪው ሲዞር ሽፋኑ ተወጥሮ ከመቀመጫው ይንሸራተታል፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦም አሽከርካሪው በእጁ የጎተተው ያህል ይጎተታል። ስለዚህ ሞተሩን በማቆሚያው ላይ አቁመው፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት) እየሠራ፣ መሪውን ቀስ ብለው ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ያዙሩት። ድምፁ በትንሹም ቢሆን ከፍ ካለ ሞተሩ ለመንገድ ዝግጁ አይደለም።

መፍትሔው ሁልጊዜ አዲስ ካቦ መግዛት አይደለም። ካቦው የታሰረባቸውን ማሰሪያዎች ፈትቶ አጠር ባለ መንገድ ማሳለፍ ብቻውን የጎደለውን ርዝመት ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ካልተገኘ ረዘም ያለ ካቦ መግጠም ወይም ዝቅ ያለ ራይዘር መምረጥ ግድ ነው። የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም ከመሪው ጋር አብረው ይነሳሉ። የፍሬኑ ቱቦ መታየት ያለበት የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ነው፤ ጉድጓድ ላይ ተዘሎ ሲታለፍ ቱቦው የሚወጠረው ያን ያህል ነውና።

«ብሎን በጠበቀ ቁጥር ይሻላል»

ራይዘር ከገባ የቀድሞው ብሎን ያጥራል። በሁለትና ሦስት ጥርስ ብቻ የተያዘ ብሎን ምንም ያህል ቢጠብቅ መሪ አይሸከምም። ብሎኑ በአልሙኒየም ውስጥ ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ መግባት አለበት፤ ይህም ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከልክ በላይ ማጥበቅ ደግሞ የአልሙኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ ልኩ በሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ መሪውን ከላይ የሚይዘው የማሰሪያው ክዳን ነጥብ ወይም ቀስት ያለበት ሲሆን፣ ምልክቱ ወደ ፊት ዞሮ መጀመሪያ የፊቱ ብሎን ከጠበቀ በኋላ ከኋላ በኩል ክፍተት ይቀራል። ያንን ክፍተት በጉልበት ለመዝጋት መታገል ክዳኑን ይሰነጥቀዋል።

«የፍሪሲዮን እጀታ ባዶውን መሄድ የለበትም»

መሄድ አለበት። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ እጀታው ካቦውን መጎተት ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶውን ይንቀሳቀሳል። ይህ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ላይ አይደርስም፣ የፍሪሲዮኑ ሸራም ይቃጠላል። ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ መብራት ላይ ቆመው ማርሹን ባዶ ላይ ማድረግ ትግል ይሆናል። ሲስተካከል በእጀታው በኩል ያለው ማስተካከያ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ ዋናው ልክ በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ጥቃቅኑ ከዚያ በእጀታው በኩል ይስተካከላል። በነዳጅ መስጫው ላይ ደግሞ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ የተለመደ ነው።

«ለደረቀ ካቦ ግራሶ»

ብዙዎቹ የዛሬ ካቦዎች ውስጣቸው በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ወፍራም ግራሶ በውስጣቸው አቧራ ይዞ ይጋገራል። ቀጭን ዘይት ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን እጀታውን ጨብጠው፣ የካቦው ጫፍ ላይ ያለችው ድቡልቡል ብረት ከሽቦው ጋር የምትገናኝበትን ቦታ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ከሽቦው ክሮች አንዷ እንኳ ተበጥሳ እንደ እሾህ ቀና ካለች ዘይት አያድናትም፤ ካቦው በዚያው ዕለት ይቀየር።