«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ»፦ የቀዳሹ ድርሻ በጥንታዊት ግብፅ

«ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው አነጋገር ከአንድ ምድር ሦስት ወገን እንደሚኖር ይናገራል፤ የሚገዛው፣ የሚጸልየውና የሚያርሰው። ትውፊት መነሻውን ከአፄ ይኩኖ አምላክና ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቃል ኪዳን ጋር ያያይዘዋል። ከግብፅ መጣ ለማለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅን ያየው ግሪካዊው ዲዮዶሮስ፣ የዚያ አገር መሬት ሲሶው ለካህናት፣ ሲሶው ለነገሥታት፣ ሲሶው ለጦረኞች እንደነበር ጽፏል። አራሹ ድርሻ የለውም፤ ከሦስቱ ባለመሬቶች በጥቂት ኪራይ ተከራይቶ ያርሳል።

ቀዳሹ ግን ከመሬቱም ሌላ ድርጎ ነበረው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 47 በረሃቡ ዘመን ሕዝቡ ሁሉ መሬቱን ለፈርዖን ሲሸጥ ካህናቱ ያልሸጡት ከፈርዖን ድርጎ ስለሚያገኙ መሆኑን ይነግረናል። በየመቅደሱ በማለዳ የጣዖቱ ደጅ ይከፈትና ዳቦው፣ ጠላው፣ ሥጋውና ዝዩ በፊቱ ይቀርባል፤ አምላኩ ጠገበ ከተባለ በኋላ ያው ማዕድ ተነሥቶ ለካህናቱ እንደ ማዕረጋቸው ይከፋፈላል። ድርሻው እንደ ርስት የሚወረስና የሚተላለፍ ነበር። የግብፅ ከተማ የአስዩጥ ገዥና የካህናት አለቃ የነበረው ሐፒጄፋ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ባስቀረጻቸው ውሎች «የመቅደስ ቀን» ማለት በዓመት ወደ መቅደሱ ከሚገባው ዳቦ፣ ጠላና ሥጋ 360ኛው እጅ መሆኑን ይገልጻል፤ እርሱም ከአባቱ ቤት በወረሰው በዚህ ቀን እየከፈለ፣ ከሞተ በኋላ ለሐውልቱ ዳቦ እንዲያቀርቡለት ካህናቱን ያዋውላል። ሆድን በሆድ መግዛት ይሉታል እንዲህ ያለውን!

ካህን ሁሉ ግን ባለጠጋ አልነበረም። ተራው ካህን በአራት ወር አንድ ወር ብቻ አገልግሎ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ክብሩ የጎላው የላይኞቹ ነው፤ በቴብስ ከተማ ይመለክ የነበረው አምላክ የአሙን ሊቀ ካህናት አሜንሆቴፕ በካርናክ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከንጉሡ ከዘጠነኛው ራምሴስ ጋር በእኩል ቁመት ተቀርጿል፤ ንጉሥን አግዝፎ ሌላውን አሳንሶ መቅረጽ ልማድ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም። ጥቂት ቆይቶም ሊቀ ካህናቱ ሄሪሆር በንጉሥ ማዕረግ ራሱን አስጠርቷል፤ ነጋሽና ቀዳሽ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው።

የዚህ ኃይል ምንጭ በሦስተኛው ራምሴስ ዘመን ስለነበረው ሀብት በሚዘረዝር፣ ከ40 ሜትር በላይ በሚረዝም የፓፒረስ ጥቅልል ላይ ይታያል። በቴብስ ለአሙን ቤት የተመዘገበው መሬት 864,168 አሩራ (የጥንት ግብፅ የመሬት መለኪያ) ነው፤ ጋሻውን 40 ሄክታር ብንለው ወደ 6,000 ጋሻ ይጠጋል። አራሹንም የምናገኘው እዚሁ ነው፤ 86,486 ተብሎ ከተቆጠረው ሰው መካከል፣ ከ421,362 የቁም ከብት፣ ከ433 የአትክልት ቦታና ከ83 መርከብ ጋር በአንድ ዝርዝር።