ዳርትሙር በብስክሌት፦ ለጀማሪም ለጉልበተኛም የሚሆኑ መንገዶች

ዳርትሙር በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ የሚገኝ ገላጣ ደጋ ነው። በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስፋቱ 954 ካሬ ኪሎሜትር ነው። መሃሉ ላይ ዛፍ እምብዛም አይታይም። ሳር አለ፣ ረግረግ አለ፣ የአስታ ዘመድ የሆነ ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ አለ። በየኮረብታው አናት ላይ የተቆለለ የግራናይት ቋጥኝ ይታያል። የአካባቢው ሰው ይህን ቋጥኝ ቶር ይለዋል። ከ160 በላይ ቶሮች አሉ። ትልቁ ከፍታ ሃይ ዊልሄይስ 621 ሜትር ነው።

621 ሜትር ሲባል ቀላል ይመስላል። ሳይክል ላይ ሲወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዴቨን ገጠር መንገዶች ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም። ቀጥ ብለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ድልድዩን እንደተሻገሩ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። አምስት ሜትር ሲኬድ አንድ ሜትር የሚያስወጣ ዳገት ብርቅ አይደለም። አንዱን ጨርሶ እፎይ ሲሉ ሌላው ይጀምራል። ስለዚህ አንድ መንገድ ለማን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከርዝመቱ በፊት ዳገቱን ይጠይቅ። 30 ኪሎሜትር ለጥ ያለ መንገድ ልምድ የሌለው ሰውም ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል። 5 ኪሎሜትር የዴቨን ዳገት ግን ብዙ ሰው ከሳይክሉ አውርዶ ያስገፋል።

ዳርትሙርን ለሁሉም ሰው የከፈተው የሞተው ባቡር ነው። የእንፋሎት ባቡር ዳገት አይወድም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሃንዲሶች ተራራውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግረው፣ ሀዲዱን በተቻለ መጠን ለጥ አድርገው ዘረጉት። ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ጀምሮ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ሀዲዱም ተነቀለ። የቀረው ለጥ ያለ መደብ ነበር። ዛሬ የልጅ ሳይክል፣ በእጅ የሚነዳ ሳይክልና ዊልቸር የሚሄዱት በዚያ መደብ ላይ ነው።

ከእነዚህ መንገዶች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ግራናይት ዌይ የሚባለውን ነው። ከኦክሃምፕተን ከተማ እስከ ሊድፎርድ መንደር 18 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። አብዛኛው ክፍል መኪና አይገባበትም። ከኦክሃምፕተን ባቡር ጣቢያ ተነስቶ የደጋውን ሰሜናዊ ምዕራብ ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። በግራ በኩል ደጋው ከፍ ብሎ ይታያል፣ በቀኝ በኩል የዴቨን እርሻ ወደ ታች ይዘረጋል። ብዙም ሳይቆይ ሜልደን ድልድይ ይመጣል። ይህ የብረት ድልድይ በ1874 ተሠራ። ርዝመቱ 165 ሜትር፣ ከፍታው 46 ሜትር ነው። ከታች ሲያዩት ቀጫጭን የብረት እግሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደ ሸረሪት ድር ይመስላሉ። መሃሉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ልብ ይሰርቃል። ሳይክሉን ግንቡ ላይ አስደግፈው ትንሽ መቆየት ነው። የመንገደኛ ባቡር በዚህ ማለፍ ያቆመው በ1968 ነው።

ኦክሃምፕተን ለጀማሪ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለው። ከኤክሰተር ከተማ የሚመጣው የመንገደኛ ባቡር ከብዙ ዓመታት በኋላ በኅዳር 2021 ሙሉ አገልግሎቱን ጀምሯል። ሳይክል ይዞ መጥቶ ጣቢያው በር ላይ መንገዱን መያዝ ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጣቢያው ያለው ከከተማው በላይ ነው። ከከተማው መሃል ወደ ጣቢያው የሚያወጣው መንገድ ከግራናይት ዌይ ሁሉ የበለጠ ዳገት ነው። ጉልበቱን መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ከጣቢያው ይነሳ።

ነፋሱንም አስቡበት። እዚህ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ከኦክሃምፕተን ወደ ሊድፎርድ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። ጉልበት ባለበት ሰዓት ነፋሱን መግጠም፣ ሲደክሙ ደግሞ መገፋት ጥሩ ነው። በተቃራኒው ከሊድፎርድ የሚነሳ ሰው መመለሻው ላይ ይቸገራል።

በደጋው ምዕራብ ድሬክስ ትሬይል አለ። ከታቪስቶክ ወደ ፕሊመዝ የባሕር ወደብ 34 ኪሎሜትር ያህል ይወርዳል። ይህ መንገድ ለረጅም ጊዜ አንድ ቁስል ነበረበት። በዎክሃም ወንዝ ላይ የነበረው የባቡር ድልድይ በ1965 ፈርሷል። ከዚያ በኋላ ሳይክል ነጂ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ወርዶ በሌላው በኩል መውጣት ነበረበት። ጉልበተኛው ተወጣው፣ ደካማው ከዚያ ተመለሰ። በ2012 ጄም ብሪጅ የተባለው ድልድይ ተከፈተ። ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ከፍታው 24 ሜትር ነው። የተሠራው ለእግረኛ፣ ለሳይክልና ለፈረስ ነው፤ መኪና አያልፍበትም። አንድ ድልድይ የስንቱን ሰው ዕድል እንደሚቀይር ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ወደ ፕሊመዝ ሲቃረቡ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ይህ ክፍል የፕሊም ሸለቆ መንገድ ይባላል፣ በ1859 የተከፈተው የባቡር መስመር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ድልድዮች የእንግሊዛዊው መሃንዲስ የብሩኔል ንድፍ ናቸው፤ በድንጋይ ምሰሶ ላይ የቆሙ የእንጨት ድልድዮች ነበሩ። በኋላ እንጨቱ ቀረና አጠገቡ ሌላ ድልድይ ተሠራ። የድሮዎቹ ምሰሶዎች ግን በቅጠል ተሸፍነው አሁንም ከጎን ቆመዋል። በአንድ ቦታ መንገዱ በመሿለኪያ ያልፋል፣ ስለዚህ የሳይክል መብራት አይረሳም። ካን ከሚባለው ድልድይ ላይ በጸደይ ወራት አጠገቡ ባለው የድንጋይ ገደል የሚራቡ ጭልፊቶችን ለማየት ሰው ይሰበሰባል።

በምሥራቅ በኩል ከቦቪ ትሬሲ እስከ ሞርተንሃምፕስቴድ የሚሄደው የሬይ ሸለቆ መንገድ 11 ኪሎሜትር ያህል ነው። እሱም የባቡር መስመር የነበረ ነው። ጫካና እርሻ መሃል ስለሚሄድ ነፋስ ሲበረታ ጥሩ መጠጊያ ይሆናል።

እስካሁን ያልናቸው መንገዶች ደጋውን ዳር ዳር የሚዞሩ ናቸው። መሃሉን ማየት የሚፈልግ ሰው ፕሪንስታውን ይሂድ። ይህች ከፍ ያለች ትንሽ ከተማ በ1809 በተከፈተው እስር ቤቷ ትታወቃለች፤ መጀመሪያ የተሠራው ለናፖሊዮን ጦርነት ምርኮኞች ነበር። ቶማስ ቲሪት የተባለ ሰው ይህን ምድር እርሻ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሳ፣ ከፕሊመዝም በፈረስ የሚጎተት የባቡር መስመር አስዘረጋ። መስመሩ በ1823 ተከፈተ። በ1883 በእንፋሎት ባቡር ተተካ፣ ባቡሩም በ1956 ቆመ።

ዛሬ ያ መደብ የሳይክል መንገድ ነው፣ ግን ኮረኮንች ነው። ቀጭን ጎማ እዚህ አይሆንም። ሰፋ ያለ ጎማና ጥሩ ፍሬን ያስፈልጋል። ኪንግስ ቶር የተባለውን ኮረብታ ዙሪያውን ሊከበው ጥቂት እስኪቀረው ይዞረዋል፤ ባቡሩ ከፍታውን የሚወጣበት ሌላ ዘዴ አልነበረውማ። በመንገዱ ዳር ቀዳዳ ያላቸው የግራናይት ድንጋዮች ይታያሉ። ሀዲዱ የታሰረው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነበር። ስዌል ቶር የድንጋይ ካባ አጠገብ ደግሞ ተጠርበው የተተዉ ትልልቅ ድንጋዮች ሳር ላይ ተኝተዋል። በ1903 ገደማ የለንደን ድልድይ ሲሰፋ ለሱ የተዘጋጁ ነበሩ። ለንደን ሳይደርሱ ቀሩ። የጠራቢው መሮ ምልክት አሁንም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ለጉልበተኞች አስፋልቱ አለ። ከሞርተንሃምፕስቴድ በፖስትብሪጅና በፕሪንስታውን አድርጎ ደጋውን የሚያቋርጠው መንገድ ሰፊ ሰማይ ያሳያል። ከቦቪ ትሬሲ ወደ ሄይቶር የሚያወጣው ዳገት የብሪታንያ ዙር ውድድር በ2013 እና በ2016 መጨረሻ ያደረገው ነው፤ በመጀመሪያው ሳይመን የትስ፣ በሁለተኛው ዋውት ፑልስ አሸንፈዋል። ባለሙያዎቹ የሚያቃስቱበት ዳገት መሆኑን ማወቅ ለሌላው ሰው ያጽናናል። ረጅም ጉዞ ለሚፈልግ ደግሞ ከኢልፍራኮም እስከ ፕሊመዝ፣ ከሰሜን ባሕር ዳርቻ እስከ ደቡቡ የሚያደርሰው የ159 ኪሎሜትር መስመር አለ። ግራናይት ዌይና ድሬክስ ትሬይል የሱ አካል ናቸው። ብዙ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከፋፍሎ ይነዳዋል።

ሕጉ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። በ1968 የወጣው የገጠር ሕግ ሳይክል ነጂ ለፈረስ በተፈቀደ መንገድ ላይ እንዲሄድ ፈቅዷል። ለእግረኛና ለፈረስ ግን ቅድሚያ መስጠት አለበት። ለእግረኛ ብቻ በተፈቀደ መንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። በ1985 የወጣው የዳርትሙር የጋራ መሬት ሕግም በግጦሹ መሬት ላይ እንደልብ መሄድን የፈቀደው በእግርና በፈረስ ለሚሄድ ነው። ሳይክል በተፈቀደለት መንገድ ይወሰናል። ረግረጉ በጎማ አንዴ ከተቀደደ ቶሎ አያገግምም፣ እገዳው ተገቢ ነው። በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ወታደራዊ የተኩስ ልምምድ ይደረጋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ወደዚያ አይገባም።

አጥር የሌለበት አስፋልት ላይ በግ፣ ላምና ድንክ ፈረስ እንደልብ ይሄዳሉ። ለዚህ ነው በደጋው ዋና መንገዶች ላይ የመኪና ፍጥነት በሰዓት 64 ኪሎሜትር ገደማ የተወሰነው። ድንክ ፈረሶቹ ባለቤት አላቸው። ምግብ መስጠት ክልክል ነው፤ ምግብ የለመደ ፈረስ ወደ መኪና መንገድ ይመጣል፣ በመኪናም ይሞታል። ግልገል የያዘች ፈረስ ከሩቅ ሲያዩ ፍጥነት ይቀንሱ። ቁልቁለት ላይ ከብት እንዳያልፍ አስፋልቱ ላይ የተዘረጋ የብረት ፍርግርግ ሲገጥም ደግሞ መሪውን ቀጥ አድርጎ ማለፍ ነው። እርጥብ ብረት ላይ መጠምዘዝ ይጥላል።

ዝናቡ አይቀርም። ፕሪንስታውን አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይዘንባል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ጉም ሊወርድ ይችላል። ጉሙ ሲመጣ ሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው ነገር ይጠፋል። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፣ ስለዚህ የወረቀት ካርታ ይያዝ። የዝናብ ልብስ በጋም ቢሆን ከቦርሳ አይውጣ።

ስለ ሳይክሉ ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ሚዛን ለሚቸግረው፣ በእጅ የሚነዳው እግሩ ለማይታዘዘው፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚነዳው ጥንድ ሳይክል ማየት ለተሳነው ሰው ደጋውን ይሰጡታል። በኤሌክትሪክ የሚታገዘው ሳይክል ደግሞ ብዙ አዛውንቶችን ወደ ዳገቱ መልሷል። በብሪታንያ ሕግ ሞተሩ ከ250 ዋት አይበልጥም፣ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ሲደርስ ማገዙን ያቆማል፣ ለመንዳትም 14 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ ተብሎ የሚተከል ጠባብ የብረት በር ግን እነዚህን ሰዎች ከመግቢያው ይመልሳቸዋል። መንገዱ የቱንም ያህል ለጥ ያለ ቢሆን በሩ ካላሳለፈ ዋጋ የለውም። ሰፊ ሳይክል ያለው ሰው የበሮቹን ስፋት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከኦክሃምፕተን ጣቢያ እስከ ሜልደን ድልድይ ደርሶ መመለስ ለመጀመሪያ ቀን በቂ ነው። ሲሄዱ ዳገቱ ብዙም አይታወቅም። ሲመለሱ ግን ልጁ ፔዳሉን ሳይመታ ሳይክሉ ራሱ ይወስደዋል።