ሮከር ምንድን ነው? የታንኳ ሆድ ለምን ይጎብጣል?

በእጃችሁ የሠራችሁትን ታንኳ ሁለት ካቫሌቶ ላይ ድፉትና ቀጥ ያለ ሞራሌ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በሆዱ ላይ አጋድሙ። ሞራሌው መሃሉን ብቻ ነክቶ በሁለቱም ጫፍ ክፍተት ከተወ፣ ያ ክፍተት ነው ሮከር የሚባለው። ስሙ የመጣው ከሚወዛወዝ ወንበር እግር ነው፤ ቅርጹም እሱኑ ይመስላል። ክፍተቱን በሜትር ለኩት። ለሐይቅ ጉዞ የሚሠራ ታንኳ በየጫፉ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢኖረው ይበቃዋል። ድንጋይ ለድንጋይ እየተጠማዘዘ በሚወርድ ወንዝ ላይ የሚቀዘፈው ግን 10 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይኖረዋል።

ታንኳ ሲዞር ሁለቱ ጫፎቹ ውሃውን ወደ ጎን መጥረግ አለባቸው። ጫፎቹ ጠልቀው ከተቀመጡ ውሃው እንደ ግድግዳ ይይዛቸዋል፤ ቀዛፊው እስኪደክመው ቢቀዝፍም ታንኳው የሚያውቀው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። ጫፎቹ ከፍ ካሉ ክብደቱ መሃል ላይ ያርፍና በአንድ ምት ዞር ይላል። ማዕበል ሲመጣም አፍንጫው ይወጣበታል እንጂ አይወጋውም። ዋጋው ታንኳው ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው፤ በተለይ ነፋስ ከጎን ሲነሳ።

ብዙ ሰው «ሮከር ፍጥነት ይቀንሳል» ብሎ ይፈራል። እውነት አለው፣ ግን ተጋንኗል። የታንኳ የፍጥነት ጣሪያ በውሃው ላይ ባረፈው ርዝመት ይወሰናል። የርዝመቱን ስኩዌር ሩት በ4.5 ብታባዙ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በግምት ታገኛላችሁ። 4.5 ሜትር ከሆነ 9.5 ገደማ፣ ሮከሩ ወደ 4 ሜትር ቢያሳጥረው 9። አንድ ሰው ዘና ብሎ ሲቀዝፍ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፤ ጣሪያውን መቼ ነካውና!

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጣጣ ሮከር ሳይጠሩት የሚመጣ መሆኑ ነው። በካርቶን ሞክሩት። 60 ሴንቲሜትር ርዝመትና 6 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ ቁራጮች ቁረጡ፤ ጫፎቻቸውን በፕላስተር አያይዙ። መሃላቸው ላይ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ያለ መወጠሪያ አስገቡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። የቆረጣችሁት ጠርዝ ቀጥ ያለ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም ጫፎች ከጠረጴዛው ተነስተዋል። ጎኖቹ ወደ ውጭ ባዘነበሉ ቁጥር ጫፎቹ ይበልጥ ይነሳሉ። መወጠሪያው ከላይም ከታችም እኩል ቢሆን ኖሮ አይነሱም ነበር።

ይህን ሳላውቅ ነው የመጀመሪያዬን የኮምፔርሳቶ ታንኳ የሠራሁት። ፕላኑ ጠበበኝና «እንዳይገለበጥ» ብዬ የመሃሉን ፎርማ፣ ማለትም መወጠሪያውን፣ ከላይ 8 ሴንቲሜትር አሰፋሁት። ጎኖቹን አጠፍኩ፣ ወለሉን በእነሱ ልክ ቆረጥኩ፣ በኢፖክሲና በፋይበርግላስ አተምኩት። ውሃ ላይ ስወጣ እንደ እንዝርት ይሾር ጀመር። በግራ ስቀዝፍ ቀኝ ዳር፣ በቀኝ ስቀዝፍ ግራ ዳር። ያሰፋሁት ለመረጋጋት ነበር፤ ያተረፍኩት ሮከር ሆነ።

ማስተካከያው ከመቁረጥ በፊት ቢሆን እርሳስና ላጲስ ብቻ በበቃው ነበር። ሮከሩን መቀነስ ከፈለጋችሁ የጎኑን የታች ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ ጫፎቹ ጋ እንጨት ተርፎ መሃሉ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይበል። መጨመር ከፈለጋችሁ ተቃራኒውን። በሴንቲሜትር ነው የምናወራው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ሞክሩ፣ ከዚያ ኮምፔርሳቶው ላይ። ሁለቱ ጫፎች እኩል መሆንም የለባቸውም። አፍንጫው ከፍ፣ ጅራቱ ዝቅ ያለ ታንኳ ሲዞር ይታዘዛል፣ ቀጥ ሲልም አይቀብጥም። ለሐይቅ ብትጠይቁኝ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ወደ ላይ የተነሳ ጫፍ ግን የሚደግፈው ነገር ይፈልጋል። ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊያቋርጥባት ያሠራት «ራ» የተባለች ጀልባ ደንገሏ ከጣና የሄደ ነበር፤ ያሰሩት ደግሞ ከቻድ የመጡ ሰዎች ናቸው። የጥንት ግብፆች የተቆለመመውን ጅራት ከወለሉ ጋር ወጥረው የሚይዙበት ገመድ ተዘነጋ። ጅራቱ እየዘቀጠ ሄዶ የካሪቢያን ደሴት ባርቤዶስ ሳይደርሱ ጀልባዋን ለመተው ተገደዱ። በዓመቱ በደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የታሰረችው «ራ 2» በ57 ቀን ተሻገረች። የኮምፔርሳቶ ታንኳም በጋ ሙሉ ጫፎቹ ላይ ብቻ ተደግፎ ሸክም ቢጫንበት ሆዱ ቅርጹን ይለውጣል፤ ሲያስቀምጡት ደፍቶ ነው።

የእኔን ያዳነው ከጅራቱ ሥር የለጠፍኩት 50 ሴንቲሜትር የሚሆን ክንፍ ነው። ከፊቱ ከዜሮ ጀምሮ ወደ ኋላ 7 ሴንቲሜትር ይጠልቃል፤ ጅራቱን ውሃ ያስይዘዋል። ሮከር ላነሰው ታንኳ ደግሞ ምንም መለጠፍ አያስፈልግም። ለመዞር ስትፈልጉ አንዱን ጉልበታችሁን ወደ ታች ተጭናችሁ ታንኳውን ወደ ጎን ዘንበል አድርጉት፤ የጎኑ ቅስት ውሃ ላይ ሲያርፍ ጫፎቹ ቀለል ይላሉ። መጀመሪያ ግን ዳር ላይ፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ ተለማመዱ።