ትንሿ አውሮፕላንና መንደርደሪያዋ፦ የአብራሪ ስህተት ከየት ይጀምራል?

አነስተኛ የግል አውሮፕላን ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ሞተርና ጥቂት መቀመጫ ያላት ናት። ዋና ምሳሌዋ ሴስና 172 ናት። መጀመሪያ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን እስካሁን ከ44,000 በላይ ተሠርተዋል። እንዲህ ያለችውን አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበራት አንድ ሰው ብቻ ነው። መሪውን የሚይዘው እሱ ነው። ሬዲዮ የሚያወራው፣ ካርታ የሚያየው፣ ነዳጅ የሚያሰላውም እሱ ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ወዳጁንም ያጫውታል። በትልቅ አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪው «ፍጥነታችን በዝቷል» ይላል። እዚህ ግን እንዲህ የሚል ሰው የለም።

በአሜሪካ ከግል አውሮፕላን አደጋዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ምክንያታቸው አብራሪው እንደሆነ ይመዘገባል። «የአብራሪ ስህተት» የሚለው ቃል ግን ብዙ አይነግረንም። ማን እንደተሳሳተ ይናገራል እንጂ ለምን እንደተሳሳተ አይናገርም። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከሌላው የበረራ ክፍል ይልቅ አደጋ የሚበዛው ሲያርፉ ነው፤ ሰው የሚሞትበት ግን ጥቂቱ ነው። ጎማ ይሰበራል፣ ክንፍ ይጣመማል፣ አብራሪው አፍሮ ይወርዳል። ገዳዩ አየር ላይ እያሉ አውሮፕላኗን መቆጣጠር ሲያቅት ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከመንደርደሪያው ብዙም ሳይርቅ ይከሰታል።

ከፍጥነት እንጀምር። በ65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ) መጥታ ማረፍ ያለባት አውሮፕላን በ75 መጣች እንበል። ልዩነቱ 10 ኖት ብቻ ነው፤ ምንም አይመስልም። ነገር ግን ለማቆም ማጥፋት ያለብን ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሲሶ ይጨምራል። ከኋላ የሚገፋ ነፋስም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ትርፍ ፍጥነት ያላት አውሮፕላን መሬት አጠገብ ስትደርስ አልነካም ትላለች። ትንሳፈፋለች። መንደርደሪያው ከሥሯ እየሸሸ ነው። አብራሪው ይጨንቀዋል፤ አፍንጫዋን ወደ ታች ይጫናል። ያኔ የፊት ጎማዋ ቀድሞ ይመታና ትነጥራለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ሦስተኛው ላይ የፊት እግሯ ይሰበርና ፕሮፔለሩ (አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረው) አስፋልት ይመታል።

መፍትሔው ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ተነስቶ፣ ዞሮ እንደገና መሞከር። አብራሪዎች ጎ-አራውንድ ይሉታል። ነዳጅ እስካለ ድረስ ኪሳራው የጥቂት ደቂቃ በረራ ነው። ታዲያ ለምን አያደርጉትም? በእኔ ግምት ትልቁ ምክንያት እፍረት ነው። ተሳፋሪው ምን ይላል? ታች ቆመው የሚያዩትስ? «እችለዋለሁ» ማለት ይቀላል። ይሄ «እችለዋለሁ» ከብልሽትም ከነፋስም በላይ አውሮፕላን የሰበረ ይመስለኛል። ደግሞ ዘግይቶ መወሰንም የራሱ ጣጣ አለው። ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ፍጥነት ሞቶ፣ ድንገት ሙሉ ጉልበት ሲሰጣት አፍንጫዋ ወደ ላይ ትሄዳለች። ቶሎ ካልተያዘች አደጋ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ውሳኔውን ቀድሞ ያስቆርጣል፦ እስከዚህ ነጥብ ድረስ ካልተስተካከልኩ እነሳለሁ።

አሁን ወደ ገዳዩ። አብራሪው ለማረፍ የመጨረሻውን ጥምዝ ሲዞር ነፋስ ገፍቶት ከመንደርደሪያው መስመር አለፈ እንበል። ለመመለስ ክንፉን አብዝቶ ያጋድላል። ክንፉ አውሮፕላኗን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት፣ ማለትም የስቶል ፍጥነት፣ ከፍታ ጠብቆ በ45 ዲግሪ ሲዞሩ 19 በመቶ ከፍ ይላል። በ60 ዲግሪ ደግሞ 41 በመቶ። ቀስ ብላ የነበረችው አውሮፕላን ሳታስበው ገደቡ ውስጥ ገባች ማለት ነው። በዚያ ላይ በእግር መሪው ከገፋት አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቅና መሽከርከር ትጀምራለች። ለማረፍ የሚዞሩበት ከፍታ ብዙ ጊዜ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ጥምዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ወርደዋል። ለማዳን ቦታ የለም።

ከፍታና ሙቀትም ያታልላሉ። በኮሎራዶ የሚገኘው የሌድቪል አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት የሰሜን አሜሪካ ማረፊያዎች በከፍታ አንደኛ። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ የባሰ ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያንሳል። የፍጥነት መለኪያው የለመደውን ቁጥር ሲያሳየው አብራሪው መሬቱ ላይ ከለመደው በላይ እየሮጠ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ በረራ የተማረ ሰው በበጋ ቀን አራት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ እዚያ ቢንደረደር፣ አስፋልቱ ሊያልቅበት ይችላል።

መሬት ላይ ሆኖም ስህተት አለ። ያለፈቃድ ወይም ያለቦታው መንደርደሪያ ውስጥ መገኘት፣ ሰውም ይሁን መኪና ወይም አውሮፕላን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመዘገብ ጥፋት ነው። መከላከያው ቀላል ይመስላል። መግቢያው ላይ አራት ቢጫ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ሁለቱ ሙሉ፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። ሙሉዎቹ በአንተ በኩል ከሆኑ ያለፈቃድ አትለፍ ማለት ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው «እዚያው ቁም» ሲል ደግሞ አብራሪው ቃሉን መልሶ መድገም አለበት። «እሺ» ብቻ አይበቃም።

ያም ሆኖ ይሳሳታሉ። ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ የረጅም ዘመን አብራሪ ነው። የካቲት 2017 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ጆን ዌይን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በመንደርደሪያው ፈንታ ታክሲዌይ (አውሮፕላኖች ወደ መንደርደሪያው የሚሄዱበት የምድር መንገድ) ላይ አረፈ። ያውም 116 ሰው በጫነ ቦይንግ 737 አናት ላይ አልፎ። ማንም አልተጎዳም።

በጣሊያን፣ በሚላን ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2001 በከባድ ጭጋግ አንዲት ትንሽ ሴስና ሳይቴሽን ጄት የተሳሳተውን ታክሲዌይ ይዛ መንደርደሪያ ውስጥ ገባች። በመነሳት ላይ የነበረ ኤምዲ-87 የመንገደኞች አውሮፕላን ገጫት። 118 ሰው ሞተ። የሳይቴሽኗ አብራሪዎች ለዚያ ዓይነት ጭጋግ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ስህተቱ የነሱ ነው ማለት ይቻላል። ግን ምልክቶቹ ጎዶሎ ነበሩ፣ የምድር ራዳርም አይሠራም ነበር። አብራሪዎቹ ያሉበትን ምልክት በሬዲዮ ሲናገሩ ተቆጣጣሪው ምልክቱን አላወቀውም። ታዲያ ይሄ የማን ስህተት ነው?

የመርሳትን ነገር የቀየረው አንድ አሮጌ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የቦይንግ ሞዴል 299 ቦምብ ጣይ ገና እንደተነሳ ወደቀ። መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱን በነፋስ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ቁልፍ ሳይፈታ ቀርቶ ነው። መሪው ላይ የነበረው የተዋጣለት የሙከራ አብራሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የአብራሪዎች ቼክሊስት፣ ማለትም አንድ በአንድ እየታየ የሚፈጸም የሥራ ዝርዝር፣ የተስፋፋው።

ቼክሊስት ይዘውም የሚረሱ አሉ። ጎማዋ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ አውሮፕላን ጎማ ሳይወርድ በሆዷ ታርፋለች። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ጆሯቸው ሥር እየጮኸ ያረፉ አሉ፤ ሐሳባቸው ሬዲዮው ላይ ነበር። አብራሪዎች በዚህ ይቀልዳሉ። ጎማ ሳታወርድ ማረፍህን የምታውቀው፣ ይላሉ፣ ወደ ማቆሚያው ለመሄድ ሙሉ ጉልበት ሰጥተሃት አልንቀሳቀስ ስትልህ ነው።