ጎንደርና ቆላው፦ የከባድ መኪና ጎማ የንፋስ ልክ

የከባድ መኪና ጎማ ትክክለኛ የንፋስ ልክ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለውም። የሚወስነው በአክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው አግዳሚ ብረት) ላይ ያረፈው ክብደት፣ የጎማው መጠንና ሥሪት፣ የጉዞው ፍጥነት ነው። ጭነቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ንፋስ ስለሆነ፣ ክብደቱ ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል።

ጎንደር ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ የሚታይባት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከአዘዞ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በአይከልና በገንዳ ውኃ አልፎ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው መተማ ዮሐንስ ይወርዳል፤ በሳንጃ በኩል የሚሄደው ደግሞ ወደ ሑመራ ቆላ ይዘልቃል። በሰሜን ደባርቅን ሲያልፉ የሊማሊሞ ቁልቁለት ይጠብቃል። ማለዳ በብርድ የተነሳ ሹፌር ከሰዓት በኋላ በሐሩር መካከል ይገኛል፤ ጎማውም እንዲሁ።

የሙያው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፦ ጎማ፣ ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ)፣ ካላማዳሪ (ንፋሱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ)፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት)። የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃላቱ ግን እዚሁ ቀሩ። የመለኪያው ቋንቋ ሁለት ነው፤ ባርና ፒኤስአይ። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ አንዱ «ስምንት ነጥብ ሦስት» ሌላው «መቶ ሃያ» ሲል የሚያወሩት ስለ አንድ ልክ ነው።

ልኩን ማግኘት የሚጀምረው ከሚዛን ነው። መኪናው እንደተጫነ እያንዳንዱ አክስል ለብቻው ይመዘናል፤ ክብደቱ ለጎማዎቹ ብዛት ይካፈላል፤ ከዚያ የጎማው አምራች ያወጣው የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ይታያል። የፊት አክስሉ 7 ቶን ቢሸከም ለሁለቱ ጎማዎች 3.5 ቶን፣ 3.5 ቶን ይደርሳቸዋል። አራት ጎማ ያለው የኋላ አክስል 10 ቶን ቢሸከም ግን ለአንዱ የሚደርሰው 2.5 ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ከሚያስቡት በተቃራኒ ከፍ ያለ ንፋስ የሚፈልገው በአብዛኛው የፊት ጎማ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ልክ መሙላት ለአንዱ ያንሳል ወይም ለሌላው ይበዛል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ጎማዎች ግን ምንጊዜም እኩል መሆን አለባቸው።

ሰንጠረዡ ጣሪያም አለው። በጎኑ 154/149 የሚል የጭነት ምልክት ያለው ጎማ ለብቻው ሲታሰር 3,750፣ በጥንድ ሲታሰር 3,250 ኪሎ ግራም ይችላል። ያው የኋላ አክስል 14 ቶን ከተጫነበት ለአንድ ጎማ 3,500 ይደርሰዋል፤ ለዚህ ክብደት ትክክለኛ ንፋስ የሚባል ነገር የለም። ከተፈቀደው በላይ መንፋት የጎማውን አቅም አይጨምርም፤ ለጠጠርና ለጉድጓድ ያጋልጠዋል እንጂ።

ልኩ የሚነበበው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር ማየት ይበጃል። ጎንደር ላይ በ15 ዲግሪ ማለዳ 110 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ መተማ ሲደርስ የውስጡ ንፋስ ሙቀት 65 ዲግሪ ደርሷል እንበል። ከፍታው በመቀነሱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ዝቅ ያደርጋል፤ ሙቀቱ ግን ከዚያ እጅግ አብልጦ ስለሚያነሳው ንባቡ 129 ገደማ ይሆናል። ይህ ጤነኛ ነው፤ ጎማው ሲሠራም ይህ ጭማሪ ታስቦለታል። ሹፌሩ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ወደ 110 ቢያስተነፍሰው ግን ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ሲመለስ፣ በማግስቱ ማለዳ የሚያነበው 94 ገደማ ነው። ንፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይግላል፤ ሲግል መለኪያው ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ደግሞ እንደገና ይተነፍሳል። ሹፌሩ ፍንዳታን የፈራበት መንገድ ወደ ፍንዳታ የሚወስደው ሆነ ማለት ነው። የጋለን ጎማ ማስተንፈስ አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ይለካ።

ረዳቶች ጎማን በዱላ ወይም በብረት እየመቱ በድምፁ የመለየት ልማድ አላቸው። ፈጽሞ የተነፈሰውን ከሞላው ለመለየት ይበቃል። 85 የያዘውን ከ110 ግን የማንም ጆሮ አይለየውም፤ ችግሩ ያለውም በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። በተለይ ከጥንዱ የውስጠኛው ጎማ ለእጅ ስለማይመች ሳይለካ ይከርማል። እሱ ሲጎድል ጓደኛው የሁለቱን ጭነት ተሸክሞ በከንቱ ያልቃል። የጎማው ጥርስ አበላልም ይናገራል፦ መሐሉ ከተበላ ንፋሱ በዝቷል፣ ሁለቱ ጠርዞች ከተበሉ አንሷል።

ንፋሱ ከልኩ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ የተጓዘ ጎማ በሙያው እንደተነፈሰ ይቆጠራል። ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ሳይታይ መሙላት ለሕይወት ያሰጋል፤ በጎኑ ያሉት የብረት ክሮች ተሰባብረው ከሆነ በሚሞላበት ጊዜ በአንድ ቅጽበት ሊተረተር ይችላል። ቀለበት ያለው ባለካላማዳሪ ቸርኬም ቀለበቱ በትክክል ካልገባ እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ ጎሚስታው በብረት ጎጆ ውስጥ አስገብቶ፣ በረጅም ቱቦ፣ ከፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ መሙላት ይኖርበታል። እነዚህን ወጣቶች በባዶ እጃቸው ጎማው ላይ ጎንበስ ብለው ማየት ያስጨንቃል። ሌላም እክል አለ፦ ብዙ ትንንሽ ኮምፕረሰሮች ከ8 ባር አያልፉም፤ 8.3 የሚፈልግ ጎማ የቱንም ያህል ቢጠበቅ በእነሱ አይሞላም።

ሆን ተብሎ ንፋስ የሚቀነስበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱም የቆላው ዋልካ አፈር ነው። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ላይ ለስለስ ያለ ጎማ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አይሰምጥም። ዚል 131 እና ኡራል 375 የተባሉት የሶቪየት ወታደራዊ መኪኖች ይህን ከሹፌሩ መቀመጫ ሆኖ ለማድረግ የሚያስችል መሣሪያ ነበራቸው። በተራ ጭነት መኪና ግን ሥራው በእጅ ነው፤ የተቀነሰ ንፋስ በዝግታ ለመንዳት ብቻ ስለሚሆን፣ አስፋልቱ ላይ ከመውጣት በፊት በመኪናው የፍሬን አየር ታንክ ወይም በአቅራቢያ ባለ ጎሚስታ ወደ ልኩ ይመለሳል።